ቢጫው መቼ ጀመረ? የአንድ ጨቅላ ሕፃን ጉዳይ ከሰሜን ሸዋ

ልጁ ወደ ጨቅላ ሕፃናት ክፍላችን ሲገባ ከተወለደ 59 ሰዓት ሆኖታል። ወሩ ታኅሣሥ፣ ቀኑ ረቡዕ፣ ሰዓቱ ከቀኑ 9 ነበር። ከመንዝ ወረዳዎች በአንዱ ከሚገኝ ጤና ጣቢያ በአምቡላንስ ነው የመጣው። ሪፈር ወረቀቱ ላይ «ቢጫ ሆኗል፤ ጡት በደንብ አይጠባም» ከምትል መስመር በቀር ብዙ አልተጻፈም። እናቲቱ 24 ዓመቷ ነው፤ ይህ ሁለተኛ ልጇ ነው። አባትየውና የእናቲቱ እናት አብረው መጥተዋል። ልጁን በጋቢ ጠቅልለው፣ ከላይ ብርድ ልብስ ደርበውበት የያዙት አያትየው ነበሩ።

ጋቢው ሲፈታ ልጁ አላለቀሰም። ከቢጫው በላይ ያስደነገጠኝ ይህ ነው። የሦስት ቀን ልጅ ልብሱ ተገፎ ብርድ ሲነካው ይጮሃል፣ እጅ እግሩን ያወራጫል። ይህኛው ውስጥ እግሩን ስኮረኩረው ፊቱን አጨማደደ፣ ትንሽ አቃሰተና መልሶ ተኛ። ጣቴን አፉ ውስጥ ሳደርግ ሁለት ሦስት ጊዜ ሳብ ያደርግና ይተወዋል። ክንዱን አንስቼ ስለቀው ዝልፍልፍ ብሎ ይወድቃል። ሙቀቱ 35.6 ዲግሪ ነበር። ሲወለድ 2.9 ኪሎ የነበረው ክብደቱ 2.65 ሆኗል። ግንባሩን፣ ደረቱን፣ ጭኑን በጣቴ ጫን እያደረግሁ ስለቅ ከሥር የሚታየው ቆዳ ብስል ሎሚ መስሏል። የዓይኑን ቆብ ገልጠን ስናይ ነጩ ክፍል ጭራሽ ነጭ አልነበረም።

ያን ቀን ለእናቲቱ ያቀረብኩላት የመጀመሪያ ጥያቄ «ምን ያህል ቢጫ ነበር?» የሚል አልነበረም። «መቼ ጀመረው?» ነው ያልኳት። ይህን ጉዳይ በዝርዝር የምጽፈውም በዚህ ጥያቄ ምክንያት ነው። ከልደቱ ጀምሮ እኛ ዘንድ እስኪደርስ ድረስ ልጁን ያዩት ሰዎች ብዙዎች ናቸው። አብዛኞቹ ቢጫውን አይተዋል፣ ቀለሙን ከሰዓቱ ጋር ያያያዘው ግን ከአንዲት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ በቀር ማንም አልነበረም።

ላቦራቶሪው የነገረን

ልጁን ለማሞቅም ሰውነቱ ብርሃን እንዲያገኝም ሲባል ወዲያው ማሞቂያ ላይ አስተኝተን ቢጫውን የሚያክመውን ሰማያዊ መብራት አበራንበት። ውጤት ጠብቆ መብራት ማብራት ተገቢ አይደለም፤ እንዲህ ዓይነት ልጅ ሲመጣ መብራቱ ይቀድማል፣ ወረቀቱ ይከተላል። ደም የተቀዳው ከመብራቱ በፊት ነው። ከአንድ ሰዓት በኋላ የመጣው ውጤት ጠቅላላ ቢሊሩቢን (ቆዳውን ቢጫ የሚያደርገው ነገር) 23.4 ሚሊግራም በዴሲሊትር፣ ቀጥተኛው (ጉበት የለወጠው ክፍል) 0.9 ይላል። የልጁ የደም ዓይነት ቢ ፖዘቲቭ፣ የእናቲቱ ኦ ፖዘቲቭ። ሄማቶክሪቱ፣ ማለትም በደሙ ውስጥ የቀይ ሕዋሳቱ ድርሻ፣ 42 በመቶ። ይህ በደጋ ለተወለደ፣ በጊዜው ለደረሰ ልጅ ዝቅተኛ ነው። አዲስ የሚመረቱት ቀይ የደም ሕዋሳት 9 በመቶ ሆነዋል፣ በማይክሮስኮፕ ሲታይም ትንንሽና ክብ ክብ ያሉ ሕዋሳት በብዛት ነበሩ። ከእናት የተሻገረ ተከላካይ ፕሮቲን በልጁ ቀይ ደም ላይ መጣበቁን የሚያሳየውን ኩምብስ የተባለ ምርመራ ለመሥራት ሬጀንት (የመመርመሪያ ኬሚካል) አልነበረም። ያለ እርሱም ቢሆን ሥዕሉ ግልጽ ነበር፤ የልጁ ደም በፍጥነት እየፈረሰ ነው።

ቁጥሩን እንዴት እንደሚያነቡት ወላጆችም ቢያውቁት ደስ ይለኛል። በመጀመሪያ መለኪያው ይታይ። አንዳንድ ላቦራቶሪ ይህንኑ ውጤት በማይክሮሞል ጽፎ 400 ሊለው ይችላል፤ 1 ሚሊግራም በዴሲሊትር 17.1 ማይክሮሞል በሊትር ነው። 400 አይቶ የሚደነግጥም፣ 23 አይቶ «ትንሽ ነው» የሚልም አጋጥሞኛል። ሁለተኛ፣ ቢሊሩቢን ያለ ዕድሜ ትርጉም የለውም። 12 የተባለ ውጤት በአምስተኛው ቀን ለጤነኛና በጊዜው ለተወለደ ልጅ ብዙ ጊዜ የሚያሰጋ አይደለም። ያው 12 በ20ኛው ሰዓት ከታየ ግን ልጁ ወዲያውኑ መብራት ውስጥ መግባት አለበት። ስለዚህ ውጤቱ ሁልጊዜ የልጁ ዕድሜ በሰዓት ተቆጥሮ፣ የእርግዝናው ሳምንታት ታስበው፣ ተጨማሪ ችግር መኖር አለመኖሩ ተለይቶ ከሰንጠረዥ ጋር ይመሳከራል። ለእኛ ልጅ፣ በ38 ሳምንቱ ተወልዶ ደሙ እየፈረሰ ላለ፣ በ60ኛው ሰዓት መብራት የሚጀመርበት መጠን 14 ገደማ፣ ደም ቅየራ የሚታሰብበት ደግሞ 20 ገደማ ነው። እርሱ 23.4 ላይ ነበር።

ፍጥነቱም ይናገራል። ሲወለድ ቢሊሩቢኑ 2 ገደማ ነበር ብንል እንኳ፣ በ60 ሰዓት ውስጥ 21 ጨምሯል ማለት ነው፤ በሰዓት 0.35። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ በ2022 (እ.ኤ.አ.) ባደሰው መመሪያ ከመጀመሪያው 24 ሰዓት በኋላ በሰዓት 0.2 እና ከዚያ በላይ መጨመር የደም መፍረስን ያመለክታል ይላል። ይህ ልጅ ያንን አልፎ ሄዷል።

ቢጫው ከየት ይመጣል

ቀይ የደም ሕዋስ ሲያረጅ ይፈርሳል፤ ውስጡ ካለው ሄሞግሎቢን ቢሊሩቢን ይወጣል። አዋቂ ሰው ላይ ጉበት ይህንን ተቀብሎ፣ በኢንዛይም ለውጦ፣ ከሐሞት ጋር ወደ አንጀት ይልከዋል፣ በዓይነ ምድር ይወጣል። ጨቅላ ሕፃን ግን በሦስት በኩል ይቸገራል። ማኅፀን ውስጥ ኦክስጅን አነስተኛ ስለሆነ ብዙ ቀይ ደም ይዞ ይወለዳል፤ ያም ደም ዕድሜው ከአዋቂው ያጠረ ነው። ያ የጉበት ኢንዛይም ሲወለድ ከአዋቂው 1 በመቶ ያህል እንኳ ሥራ አይሠራም። ሦስተኛ፣ ወደ አንጀት የወረደው ቢሊሩቢን ቶሎ ካልወጣ ተመልሶ ወደ ደም ይገባል። የመጀመሪያው ጥቁርና የሚያጣብቅ ዓይነ ምድር በቶሎ መውጣት ያለበት ለዚህ ነው፤ የሚያስወጣው ደግሞ ጡት ነው። እንገሩን አፍስሶ ስኳር ውኃ ወይም ለጋ ቅቤ ማላስ በዚህ በኩልም ይጎዳል፣ አንጀቱ ሳይንቀሳቀስ ይቆያልና።

በዚህ ምክንያት በጊዜያቸው ከተወለዱ ሕፃናት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በመጀመሪያው ሳምንት ቢጫ ይላሉ፤ ቀናቸው ሳይደርስ ከተወለዱት ደግሞ እስከ 80 በመቶ። የተለመደው ቢጫ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ብቅ ይላል፣ ከሦስተኛው እስከ አምስተኛው ቀን ይበረታል፣ ከዚያ ቀስ በቀስ ይጠፋል። እናቶችና አያቶች «በራሱ ይጠፋል» የሚሉት ከልምዳቸው ነው፣ በአብዛኛውም ልክ ናቸው። የማይታለፍ ሕግ ግን አንድ አለ፤ በመጀመሪያው 24 ሰዓት ውስጥ የታየ ቢጫ የተለመደው ቢጫ አይደለም። ምንም ያህል ደብዛዛ ይሁን፣ ልጁ ምንም ያህል ጎበዝ ይመስል፣ በዚያው ቀን ደሙ መታየት አለበት።

የእኛ ልጅ ደም ለምን ፈረሰ? እናቲቱ ኦ ናት። ኦ የሆነ ሰው በተፈጥሮው ኤን እና ቢን የሚቃወም አንቲቦዲ (ባዕድ ነገርን የሚያጠቃ ፕሮቲን) በደሙ ይዞ ይኖራል። ከዚያ ውስጥ አንዱ ዓይነት በእንግዴ ልጁ በኩል ወደ ፅንሱ ይሻገራል። ልጁ ከአባቱ ቢን ወርሷል፤ አንቲቦዲው ሄዶ ቀይ ደሙ ላይ ተጣበቀ። ኦ ከሆኑ እናቶች የሚወለዱ ኤ ወይም ቢ ልጆች ብዙ ናቸው፤ እንዲህ ብርቱ ሕመም የሚይዛቸው ከመካከላቸው ጥቂቶቹ ናቸው፣ ግን የትኛው እንደሚሆን አስቀድሞ የሚነግረን ነገር የለም። የመጀመሪያው ልጅ ላይም ሊመጣ ይችላል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጠበቅ አድርጌ ልናገር። የእናቲቱ የእርግዝና ክትትል ካርድ ላይ «ኦ ፖዘቲቭ» በግልጽ ተጽፏል። ማንም ትኩር ብሎ አላየውም፣ ምክንያቱም በየጤና ተቋማችን ዓይን የሚፈልገው «ኔጋቲቭ» የሚለውን ነው። ኔጋቲቭ የሆነች እናት ፖዘቲቭ ልጅ ስትወልድ በ72 ሰዓት ውስጥ መርፌ እንደምትወጋ ሁሉም ተምሯል፤ ያም ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን «ፖዘቲቭ ነሽ፣ ችግር የለም» የሚለው አባባል ኦ ለሆነች እናት ግማሽ እውነት ነው። ካርዱ ላይ ኦ የሚለው ፊደል ከተጻፈ፣ የተወለደው ልጅ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ለቢጫ በተለየ ዓይን መታየት አለበት። ለዚህ ሬጀንትም ማሽንም አያስፈልግም፤ ካርዱን ማንበብ ብቻ ነው።

ሰኞ፣ ማክሰኞ፣ ረቡዕ

ልጁ የተወለደው ሰኞ ከሌሊቱ 10 ሰዓት፣ በጤና ጣቢያ፣ በአዋላጅ እጅ ነው። ወዲያው አለቀሰ፣ ጡት ያዘ፣ ቫይታሚን ኬ ተወጋ፣ ዓይኑ ቅባት ተቀባ። እናቲቱ ብርቱ ነበረች፣ ቤተሰቡ ወደ ቤት ለመመለስ ቸኩሏል፤ የዚያኑ ዕለት ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ወጡ። 12 ሰዓት ነው የቆዩት። ቢያንስ 24 ሰዓት መቆየት የሚመከረው ለእናቲቱ የደም መፍሰስ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ከ24 ሰዓት በፊት የሚታየው አደገኛ ቢጫ የሚያዘው በእነዚያ ሰዓታት ነው።

ሰኞ ምሽት 4 ሰዓት ገደማ አክስትየው ልጁን ስታቅፍ በስልኳ መብራት ፊቱን አየች። «ቢጫ መስሎኝ ነበር፤ የስልኩ መብራት ነው ብዬ ተውኩት» ብላ በኋላ ለእናቲቱ ነግራታለች። 18ኛው ሰዓት ላይ ነበሩ። ያ ምሽት ነው የዚህ ጉዳይ ሁሉ መሠረት።

ማክሰኞ ልጁ ከመጋረጃ ጀርባ ነበር። የእኛን አገር አራስ ቤት የሚያውቅ ያውቀዋል፤ መስኮቱ የተዘጋ፣ መጋረጃው የወረደ፣ በሩ ላይ ሰው የሚጠበቅበት። ምች እንዳይመታት፣ የሰው ዓይን እንዳያርፍበት ነው። በታኅሣሥ ውርጭ መንዝ ላይ መስኮት መዝጋት ደግሞ ከእምነትም ሌላ ግልጽ የሆነ ምክንያት አለው፤ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ችግሩ በዚያ ቤት ውስጥ ቢጫ ቆዳና ጤነኛ ቆዳ አንድ መልክ ይይዛሉ። ማክሰኞ ቀን እናቲቱ ልጁ እንቅልፍ እንደሚያበዛ፣ ጡት ላይ ሳለ እንደሚያንቀላፋ አስተውላለች። «ጎበዝ ልጅ ነው፣ አያስቸግርም» ተባለ። የማያስቸግር የሁለት ቀን ልጅ ያሳስበኛል። እንቅልፉ የቢሊሩቢን ነው፤ ስለሚተኛ አይጠባም፣ ስለማይጠባ ዓይነ ምድር አይወጣውም፣ ስለማይወጣው ቢሊሩቢኑ ተመልሶ ይመጠጣል፣ ከዚያ የባሰ ይተኛል።

ረቡዕ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ የቀበሌዋ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ለሦስተኛ ቀን ጉብኝት መጣች። ያደረገችውን ቤተሰቡ በዝርዝር ነግሮኛል፣ እኔም በዝርዝር ልጽፈው እፈልጋለሁ። ወደ መኝታው ገብታ ልጁን በጨለማ አላየችም። እናቲቱንም ውጪ አላለቻትም። «በሩን ገርበብ አድርጉልኝና እዚሁ በሩ ውስጥ ሆኜ ልየው» አለች። ልጁን ከነጠላው ሳታወጣ ፊቱንና እግሩን በቀን ብርሃን አየች፣ አፍንጫውን ጫን አድርጋ ለቀቀች፣ ጉልበቱን ጫን አድርጋ ለቀቀች። ከዚያ ጡት እንዲሰጠው ጠይቃ ቁጭ ብላ አየችው። ሁለት ጊዜ ሳብ አድርጎ ተኛ። ያኔ ስልኳን አውጥታ አምቡላንስ ጠራች። ወደ ጤና ጣቢያ፣ ከጤና ጣቢያ ወደ እኛ፣ በዚያ ጠመዝማዛ መንገድ ስድስት ሰዓት ፈጅቷል።

ዓይን የቢሊሩቢንን መጠን አይለካም። ቢጫው ከፊት ጀምሮ ወደ ደረት፣ ሆድ፣ እግር፣ በመጨረሻም ወደ መዳፍና ውስጥ እግር እንደሚወርድ እውነት ነው፤ ከጉልበት በታች ሲደርስም አደጋው ከፍ ያለ እንደሆነ ይጠቁማል። ግን በዓይን «ቀላል ነው» የተባለ ልጅ ደሙ ሲለካ ከባድ ሆኖ የተገኘበት ጊዜ ብዙ ነው፣ በተለይ ቆዳው ጠየም ያለ ልጅ ላይ። የኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ መጠኑን ልገምት አላለችም። ቢጫ አየች፣ የማይጠባ ልጅ አየች፣ ላከች። የሥራ ድርሻዋን ከዚህ በላይ አሳምሮ መሥራት አይቻልም።

የአያትየው ፀሐይ፣ የአባትየው ደም

መብራቱ ሲበራ አያትየው ቀርበው አዩት። «ልጄ፣ የመጀመሪያውም እንዲህ ሆኖ ነበር፤ በራሱ ጠፋለት። ይሄንንም ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ብናሞቀው አይበቃም?» አሉኝ።

«እማማ፣ ፀሐይ ማሰብዎ ከንቱ አይደለም» አልኳቸው፤ እውነቴን ነው። በእንግሊዝ አገር፣ ኤሴክስ ውስጥ በሚገኘው የሮችፎርድ ሆስፒታል፣ በ1950ዎቹ አጋማሽ (እ.ኤ.አ.) ያለ ቀናቸው የተወለዱ ሕፃናትን ትንከባከብ የነበረች ሲስተር ዋርድ የምትባል ነርስ ልጆቹን ወደ ግቢው እያወጣች ፀሐይ ታሞቃቸው ነበር። አንድ ቀን ለሐኪሞቹ ያሳየቻቸው ልጅ ሰውነቱ ጠርቶ፣ አንሶላ የሸፈነው ቦታ ብቻ ቢጫ ሆኖ ቀርቷል። ከዚያ በመስኮት ዳር ፀሐይ ላይ የቆየ የደም ናሙና ቢሊሩቢኑ ቀንሶ ተገኘ። ዶክተር ክሬመርና ባልደረቦቹ ይህንን ተከታትለው በ1958 (እ.ኤ.አ.) ዘ ላንሴት ላይ አወጡት፤ የዛሬው መብራት ከዚያ ነው የመጣው። የሚሠራው ከ460 እስከ 490 ናኖሜትር ያለው ሰማያዊ ብርሃን ነው፤ ቆዳው ውስጥ ያለውን ቢሊሩቢን ቅርፁን ቀይሮ ጉበት ሳይለውጠው በሐሞትና በሽንት መውጣት እንዲችል ያደርገዋል።

ለእማማ ይህን ሁሉ አላወራሁላቸውም። ያልኳቸው የፀሐይ ብርሃን መጠኑ አይታወቅም፣ ልጁን ያቃጥላል ወይም ራቁቱን ሲሆን ያቀዘቅዘዋል፣ ማታም የለም፤ ይህ ልጅ ደግሞ ሌሊቱንም ይፈልገዋል ነው። ናይጄሪያ ውስጥ ጎጂውን ጨረር በሚያጣራ ፕላስቲክ ሥር ልጆችን በፀሐይ አክመው ጥሩ ውጤት ማግኘታቸው በ2015 (እ.ኤ.አ.) ታትሟል። ያ ግን በድንኳን፣ ሙቀትና ብርሃን እየተለካ፣ በነርስ ቁጥጥር የተደረገ ነው፤ እንደዚህ ልጅ ደም ቅየራ ደረጃ ለደረሰም አልታሰበም። በታኅሣሥ ጠዋት በመንዝ ደጃፍ ላይ ልጅ ማራቆት ሌላ ነገር ነው። ብርድ ራሱ ቢሊሩቢን ወደ አንጎል እንዲገባ መንገድ ይከፍታል።

የመጀመሪያው ልጅ ታሪክ ግን ወረቀቴ ላይ ገባ። ወንድሙ ወይም እህቱ በቢጫ ምክንያት ታክመው እንደሆነ ሁልጊዜ እንጠይቃለን፤ ያልታከመም ቢሆን ቢጫ ብሎ የነበረ ወንድም ወይም እህት መኖሩ የሚቀጥለውን ልጅ ያስጠረጥራል። አያትየው ለማጽናናት ያነሱት ነገር ለእኔ ማስጠንቀቂያ ነበር።

ከአባትየው ጋር የነበረው ንግግር ከበድ ያለ ነው። ደም ልንቀይር እንደምንፈልግ ስነግረው «ደሙን ቀድታችሁ ልትጨርሱት ነው?» አለ። ተቆጥቶ አልነበረም፣ ፈርቶ ነው። ቁጭ ብለን አስረዳሁት፤ ጥቂት አውጥተን ያንኑ ያህል እናስገባለን፣ በአንድ ጊዜ ከሁለት የሻይ ማንኪያ አይበልጥም፣ ልጁ ደም ሳይኖረው የሚቆይበት ደቂቃ የለም። የማንሞክረው ቢሆን ምን እንደሚመጣም አልደበቅኩትም። ቢሊሩቢን ከፍ ብሎ፣ በደም ውስጥ ከሚይዘው አልቡሚን ከተባለ ፕሮቲን ተላቆ ወደ አንጎል ሲገባ መጀመሪያ ልጁ ይዝላል፣ መጥባት ያቆማል፤ ያኔ ከተደረሰበት ሊመለስ ይችላል። ቀጥሎ ሰውነቱ ይገተራል፣ አንገቱ ወደ ኋላ ይቀለበሳል፣ ልቅሶው ቀጭንና የሚሰነጥቅ ይሆናል፣ ትኩሳትና ማንቀጥቀጥ ይከተላል። ከዚያ የተረፈ ልጅ ብዙ ጊዜ መስማት ያጣል፣ ሰውነቱን ማዘዝ ያቅተዋል፣ አእምሮው እያስተዋለ አካሉ እምቢ ይለዋል። ከርኒክተረስ የሚባለው ይህ ነው፤ መድኃኒት የለውም። ልጁ የመጀመሪያው ደረጃ ላይ ነበር።

አባትየው ትንሽ ዝም ብሎ ቆየና «እንግዲያው የኔን ደም ውሰዱለት» አለ። ደሙን አየነው፤ ቢ ፖዘቲቭ። ልጁ ቢን የወረሰው ከእርሱ ስለሆነ የሚጠበቅ ነበር። የእርሱን ደም ብንሰጠው የእናቲቱ አንቲቦዲ ያንንም ያፈርሰዋል። የሚያስፈልገው ኦ ነው፣ ከእናቲቱ ደም ጋር ተመሳክሮ የተስማማ፣ ትኩስ። አባትየው ደሙን ለደም ባንክ ለሌላ ሰው ሰጠ፣ ለልጁ የሚሆነው ኦ ከባንኩ መጣ።

አርባ ሁለት ዙር

ደሙ እስኪመጣ መብራቱን ማጠናከር ነበረብን። ልጁን ከዳይፐር በቀር አራቆትነው፣ ዓይኑን በጨርቅ ሸፈንን፣ መብራቱን አምራቹ በፈቀደው መጠን አቀረብነው፣ በአልጋው ዙሪያ ነጭ አንሶላ ሰቅለን ብርሃኑ ተመልሶ እንዲያርፍበት አደረግን። መብራቱ ሰማያዊ መሆኑ ብቻ አይበቃም፤ አምፖሉ ሲያረጅ ዓይን ሳያስተውለው ኃይሉ ይወርዳል፣ ርቀቱ ሲጨምር እንዲሁ። ጥንካሬውን የሚለካ መሣሪያ በየክፍሉ ቢኖር ስንት ልጅ ይተርፋል! ጡት ስለማይጠባ የታለበ የእናቱን ወተት በቱቦ ሰጠነው። ኢንፌክሽንም ሊሆን ስለሚችል አምፒሲሊንና ጄንታማይሲን ጀመርን። ሴፍትሪያክሶን ቢጫ ለሆነ ጨቅላ አይሰጥም፤ ቢሊሩቢኑን ከአልቡሚን ላይ ገፍቶ ያስለቅቀዋል። ይህ በየጤና ተቋሙ ግድግዳ ላይ ቢለጠፍ የምመኘው ነው።

ከአምስት ሰዓት መብራት በኋላ ቢሊሩቢኑ 22.6 ሆነ። ወርዷል፣ ግን አሁንም ከመስመሩ በላይ ነው፤ ልጁም አልነቃም። ምሽት 2 ሰዓት ተኩል ላይ ደም ቅየራውን ጀመርን።

በእትብቱ የደም ሥር ቀጭን ቱቦ ገባ። ለ1 ኪሎ 160 ሚሊ ሊትር በሚል ሒሳብ 420 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው፤ የልጁን ጠቅላላ ደም እጥፍ መሆኑ ነው። 10 ሚሊ ሊትር ይወጣል፣ ይደፋል፤ 10 ሚሊ ሊትር የሞቀ ደም ቀስ ብሎ ይገባል። አንዷ ነርስ «ወጣ፣ ዘጠኝ» «ገባ፣ ዘጠኝ» እያለች ጮክ ብላ ትቆጥራለች፣ ሌላዋ ሰዓቱን፣ የልብ ምቱን፣ ኦክስጅኑን ከቁጥሩ ጎን ትጽፋለች። ይህ ጮክ ብሎ መቁጠር የልማድ ነገር አይደለም፤ አንድ ዙር ከተዘለለ ልጁ ደም ይጎድለዋል ወይም ይበዛበታል፣ በ2.65 ኪሎ ልጅ ላይ ያ ስህተት ትልቅ ነው። በ26ኛው ዙር የልብ ምቱ ሲዘገይ ቆም አልን፣ ካልሲየም በዝግታ ሰጠን፣ ተመልሶ ሲረጋጋ ቀጠልን። ሁለት ሰዓት ገደማ ፈጀ። ወደ 35ኛው ዙር ሲጠጋ ልጁ እግሩን አጠፈና አለቀሰ። ነርሷ ቆጠራዋን ሳታቋርጥ ፈገግ አለች።

ሲያልቅ ቢሊሩቢኑ 11.9 ነበር። በሚቀጥሉት ሰዓታት ቆዳና ሥጋ ውስጥ የቀረው ወደ ደም ተመልሶ ስለሚወጣ ከፍ ማለቱ አይቀርም። ሐሙስ ንጋት ላይ 15.2 ሆነ። አባትየው ቁጥሩን ሰምቶ ሲደነግጥ ይህ የተጠበቀ መሆኑን ነገርነው፤ መብራቱ አልተነሳም። ሐሙስ ማታ 13.6፣ ዓርብ 11.0፣ ቅዳሜ ጠዋት 8.7። በእነዚህ ቀናት ልጁ በየሁለት ሦስት ሰዓቱ ጡት እየጠባ አረንጓዴ፣ ቀጭን ዓይነ ምድር ይወጣው ነበር። እናቲቱ ተቅማጥ መስሏት ፈራች፤ ቢሊሩቢኑ እየወጣ ነው። መብራት ሥር ያለ ልጅ ቆዳው ስለሚነጣ በዓይን አይፈረድበትም፤ የምንመካው በደም ምርመራ ብቻ ነው። ቅዳሜ መብራቱን አጠፋን፣ እሑድ ተመልሶ ሲለካ 9.3 ሆነ። ሰኞ ወጣ።

ከወጣ በኋላ

አንቲቦዲው ለሳምንታት ደሙ ውስጥ ስለሚቆይ መፍረሱ ቀስ እያለ ይቀጥላል፤ በአንድ ወሩ ሄማቶክሪቱን ያየነው ለዚህ ነው። 31 በመቶ ነበር፣ ደም ሳይሰጠው ተከታትለነዋል። በሦስት ወሩ አንገቱን ያጸናል፣ ሰው ሲስቅለት ይስቃል፣ እጁን ወደ አፉ ይወስዳል። ሰውነቱ ላይ መገተርም መላላትም አላየሁም።

ለቤተሰቡ የሰጠናቸው ሁለት ነገር ነው። አንዱ ለሚቀጥለው እርግዝና ነው። በእናቲቱ ካርድ ላይ «ኦ፤ ያለፈው ልጅ ቢ፣ በደም ቅየራ የታከመ፤ የሚወለደው ልጅ ከመውጣቱ በፊት ቢሊሩቢን ይለካ፣ በየቀኑ ይታይ» ብለን ጻፍን። ሁለተኛው ለአያትየው ነው፤ በአካባቢያቸው የሚወልዱ ሴቶች ሁሉ እርሳቸው ዘንድ ስለሚመጡ ይጠቅማል። በመጀመሪያዎቹ አምስት ቀናት ልጁን ጠዋትና ማታ ወደ በር ወይም ወደ መስኮት ብርሃን አቅርቦ፣ ሳያራቁቱ፣ ዓይኑንና ድዱን ማየት፣ አፍንጫውን ጫን አድርጎ መልቀቅ። በመጀመሪያው ቀን ቢጫ ከታየ፣ ቢጫው ወደ እግር ከወረደ ወይም ልጁ ለመጥባት የሚነቃ ካልሆነ ማታም ቢሆን መሄድ። ሁለት ሳምንት ያለፈው ቢጫ ደግሞ ለብቻው ምርመራ ይፈልጋል፤ በተለይ ዓይነ ምድሩ ነጣ ካለ የሐሞት መስመር መዘጋት ሊሆን ስለሚችል፣ ቀዶ ሕክምናው ከ60 ቀን በፊት ቢደረግ ይሻላል።

ያልተዘጋው ነገር መስማቱ ነው። ቢሊሩቢን ከሁሉ ቀድሞ የሚጎዳው የመስማት መንገዱን ሊሆን ይችላል፤ ልጁ የወሰደው ጄንታማይሲንም ጆሮን ይነካል። እጅ አጨብጭቦ ዘወር ሲል ማየት ማረጋገጫ አይሆንም። የጆሮውን ነርቭ ምላሽ በመሣሪያ የሚለካው ምርመራ አዲስ አበባ ላይ ቀጠሮ ተይዞለታል። አባትየው የጉዞውን ገንዘብ ለማሟላት የተወሰነ ጤፍ እንደሚሸጥ ነግሮኛል፤ ቀኑ እንዳያልፍ የኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ስልኳ ላይ መዝግባዋለች።